የአምሐ ቡሎን ከእናቱ አይለይም

ጎንደር ላይ መኪናው የተገጨበት ሰው ከትራፊክ ፖሊሱ እንኳ ቀድሞ የሚሰማው ምክር አንድ ነው፤ «አምሐ ጋ ውሰዳት፤ ብቻ አትቸኩል።» የምክሩ ሁለተኛ ግማሽ ከመጀመሪያው አያንስም። አምሐ ባቲላሜራ ነው። የተጨማደደ ላሜራ ያቃናል፣ የዛገውን ይቆርጣል፣ የተቀደደውን ይበይዳል። ጋራዡ ከፒያሳ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ውስጥ ነው። እዚያ አስገብቶ መኪናውን ቶሎ ያወጣ ሰው እኔ አላየሁም፤ አበላሹብኝ ያለ ሰውም እንደዚሁ አላየሁም።

መልኩን ልንገራችሁ። ረጅም ነው፤ ከመኪና ሥር ሲያጎነብስ ኖሮ ትከሻው ትንሽ ጎብጧል። ሃምሳውን ካለፈ ከራርሟል። ቱታው ሁልጊዜ ታጥቦ፣ ኪሱ ሁልጊዜ ተቀድዶ ነው የምታገኙት። ሰው ሲያናግረው መሬት መሬት ያያል፤ መኪና ሲያይ ግን ቀና ብሎ ነው። ሚስት የለውም። ምነው ቢባል፣ እናቱ ታመው እሳቸውን ሲያስታምም ኖረ፤ እሳቸው ሲያርፉ ደግሞ «እንግዲህ ጊዜው አልፎብኛል» ብሎ ተቀመጠ። እንዲህ ያለ ሸጋ ሰው ብቻውን መቅረቱ የሚያናድደው እኔን ብቻ አይደለም። ሰፈሩ ሁሉ እንደተናደደ ነው የኖረው።

የቤተ ክህነት ልጅ ነው። አባቱ በደብራቸው ሲያገለግሉ የኖሩ መሪጌታ ነበሩ። እሱም ዳዊት ደግሞ፣ ጾመ ድጓ ጀምሮ ነበር። ኋላ ግን ከትምህርት ሲመለስ በአያ አወቀ ጋራዥ በኩል ማለፍ ለመደና ነገሩ ሌላ ሆነ። አያ አወቀ ያን ጊዜ በከተማው አሉ ከሚባሉት ባቲላሜራዎች የመጀመሪያው ነበሩ። የእሳቸው መዶሻ ኮፈን ላይ ሲያርፍ የሚወጣው ድምፅ ልጁን ከመንገድ ያስቀረዋል። አንድ ቀን «ምን ተገትረህ ታያለህ?» ቢሉት፣ «እያየሁ አይደለም፤ እየሰማሁ ነው። እዚያ ጋ ድምፁ ታፍኗል» አላቸው። ሲፍቁት እውነትም ጣት የሚያህል ስቱኮ ተለጥፎበታል። ለካ የቀድሞው ሠራተኛ ጉድጓዱን ሳያቃና በስቱኮ ደልድሎ ቀብቶት ኖሯል። ከዚያ ወዲያ ልጁን የሚለቁት መሰላችሁ? አባቱ መጀመሪያ አዘኑ፤ ኋላ ግን «ጆሮውስ ያው የኛ ጆሮ ነው፤ ብረት ላይ ዋለ እንጂ» ብለው መረቁት።

አያ አወቀ ብዙ ነገር አስተማሩት፤ ከሁሉ አጥብቀው ያስተማሩት ግን መፍታት ነው። «ማቃናቱን ማንም ይለምደዋል፤ ሰው የሚታወቀው በአፈታቱ ነው» ይሉ ነበር። ሌላ ጋራዥ ሄዳችሁ እንደሆነ አይታችሁታል፤ የተፈታው ቡሎን ሁሉ አንድ ጣሳ ውስጥ ይጣላል። ሲገጠም ከጣሳው እየተለቀመ እንደ ዕድሉ ይታሰራል። ሥራው ካለቀ በኋላ አንድ እፍኝ ቡሎን ይተርፋል፤ ባለመኪናው «ይሄስ?» ሲል «ፋብሪካው አብዝቶት ነው» ይባላል። አያ አወቀ ቤት ይህ ነውር ነው። ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው ፓራፋንጎ ሲወልቅ እያንዳንዱ ቡሎን እዚያው ከወጣበት ቀዳዳ ተመልሶ በጣት ይታሰራል። በሩም ሲወልቅ፣ ኮፈኑም ሲወልቅ እንደዚያው። «ቡሎን ከእናቱ አይለይም» ነው ሥርዓቱ፤ እናቱ ማለታቸው ቀዳዳው ነው። አምሐ ይህን ቃል ከዳዊቱ እኩል ያዘው። ጋራዡን ሲረከብም አልተወውም። እሱ ግቢ የገባች መኪና አካሏ ወልቆ ስታዩዋት፣ የቀኙ በቀኝ ግድግዳ፣ የግራው በግራ ግድግዳ ተደግፎ፣ ቡሎኖቹ በየቀዳዳቸው ሆነው ይጠብቃሉ። በዕድሜው አንድ ቡሎን ጠፍቶበት አያውቅም። ይህቺን ነገር ያዙልኝ።

ወይዘሮ እስከዳር የመጣችው ጥቅምት ሲጠባ ነው። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ ከአዘዞ አለፍ ብላ ባለችው በፀዳ ብቻዋን ትኖራለች። ባሏ አቶ ቢያዝን ካረፈ ዓመታት አልፈዋል፤ ከእሱ የቀረቻት አንዲት ሰማያዊ ቮልስ ናት። ራሷ ነው የምትነዳት፤ ወደ ገበያም፣ ወደ ቤተ ክርስቲያንም፣ ወደ ለቅሶም። አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ባጃጅ ከጎን ብቅ ብሎ የቀኝ ፓራፋንጎዋን ጨማደደው፤ እሷም እሱን ስትሸሽ በሩን ከድንጋይ አጥር ጋር አላተመችው። ባለባጃጁ «ይቅርታ እትዬ» ብሎ ነገሩን በዚያው ዘጋው። ቮልሷም እየተንገጫገጨች አምሐ ግቢ ገባች።

እስከዳር ወረደች፤ ነጠላዋን አስተካከለችና ዙሪያውን ቃኘች።

«አያ አምሐ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ» አለ አምሐ፣ መሬት እያየ።

«አትቸኩዪ ብለውኛል። እኔ ግን ችኩል ነኝ። መቼ ትወጣልኛለች?»

«ሳትፈታ አይታወቅም፣ እትዬ። መኪናም እንደ ሰው ነው፤ ከላይ ታይቶ ሕመሙ አይታወቅም።»

ሴትዮዋ ሳቀች። ከልቧ፣ አፏን ሳትሸፍን ሳቀች። እኔን ከጠየቃችሁኝ ነገሩን ሁሉ ያመጣው ያ ሳቅ ነው፤ ሌላ ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም። አምሐ ቀና ብሎ አያት። ይህን ደግሞ ቀለም ቀቢው ሰውአገኝ በዓይኑ በብረቱ አይቶታል። ሰውአገኝ የአምሐ እኩያና የጋራዡ ባልደረባ ነው፤ አምሐ ያቃናውን ይቀባል፣ አምሐ ያልተናገረውን ሁሉ ደግሞ ይናገራል።

በማግሥቱ አምሐ መፍታት ጀመረ። መጀመሪያ መቀመጫዎቹን አወጣ። ቀጥሎ የተላተመውን በር፣ ከዚያ ኮፈኑን፣ በመጨረሻ የቀኙን ፓራፋንጎ። የቮልስ ፓራፋንጎ በቡሎን ብቻ የተያዘ ስለሆነ ሲፈቱት እንደ ጫማ ይወልቃል። የፈታውን ቡሎን እየጠረገ፣ ዘይት እያስነካ፣ ወደየቀዳዳው እየመለሰ በጣቱ አሰረው። ፓራፋንጎው ሲወርድ ከውስጡ የደረቀ ጭቃ ከነገለባው ተገመሰና መሬት ላይ ተፈረፈረ።

እስከዳር በቦታው ነበረች። ጎንበስ ብላ ጭቃውን በጣቷ ደቀቅ ደቀቅ አደረገችው። «ይሄ የእንፍራንዝ ነው» አለች። «የወንድሜ ማሳ ዳር። ቢያዝን ‹አልፋለሁ› ብሎ የገባበት። በበሬ ነው ያወጡን።» ደግሞ ሳቀች፤ ሳቁ ግን በመካከል ቀጠነ። አምሐ ያን ጭቃ ከሌላው ጥራጊ ጋር አልጣለውም። በወረቀት ጠቅልሎ ሰጣት። እሷም ምንም ሳትል ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ከጭቃው ሥር ዝገት ነበር። ወለሉም ተበልቶ፣ የበሩም ሥር ተቦርቡሮ ተገኘ። ሥራው እውነት ሥራ ነበር፤ ይህን ለአምሐ ክብር ስል መናገር አለብኝ። የመጀመሪያዎቹ ወራት መዘግየት የዝገት እንጂ የሰው ጥፋት አይደለም።

እስከዳርም «ልየው» እያለች መምጣት አበዛች። አምሐ የቮልሷን የኋላ መቀመጫ ከዛፉ ጥላ ሥር አኖረላት፤ እሷም በገዛ መኪናዋ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሥራውን ታያለች። ቆሎ ይዛ ትመጣለች። ስለ ድሮ ተማሪዎቿ ታወራለች። አምሐ አይመልስም፤ ግን መዶሻውን ቀስ ያደርጋል፣ የምትለው እንዳያመልጠው። አንድ ቀን እሷ ዝም ስትል እሱ ሳያውቀው ዜማ ሲያንጎራጉር ሰማችውና «ድጓ ትችላለህ እንዴ?» አለችው። አንገቱ ድረስ ቀላ። ሌላ ቀን ደግሞ «የፈታኸውን ቡሎን መልሰህ የምታስረው ምነው? የማይረባ ድካም አይደለም?» ብትለው፣ ያኔ ብቻ ረዘም አድርጎ መለሰ። የአያ አወቀን ሥርዓት ነገራት። «ቡሎን ከእናቱ አይለይም፣ እትዬ። አንዱ ከጎደለ መኪናዋ አልተገጠመችም ማለት ነው። እኔ እንደዚያ ሆና ለባለቤቷ አላስረክብም።» እስከዳር «ከእናቱ አይለይም» ብላ ቃሉን በቀስታ ደገመችው።

የገና በዓል ሲቃረብ ነው ያ ክፉ ወሬ የመጣው። ያመጣችውም ራሷ ናት። ቆሎ እየቆረጠመች፣ እንደ ዋዛ፣ «ልጄ ባሕር ዳር ናት፤ ብቻሽን ምን ታደርጊያለሽ፣ ነይ ከኔ ጋ ኑሪ እያለች ነዘነዘችኝ» አለች። «ቤቱን አከራይቼ፣ ቮልሷ እንደወጣች ዕቃዬን ጭኜ እሄዳለሁ።»

የአምሐ እጅ አየር ላይ ቀረ። መዶሻው ሲወርድ የመታው ላሜራውን ሳይሆን አውራ ጣቱን ነው።

ከዚያች ቀን በኋላ ያለውን መዘግየት ዝገቱ አይጠየቅበትም። አምሐ ስቱኮ ይቀባል፤ ይደርቃል፤ ይፍቀዋል፤ በመዳፉ ይዳብሰውና «አልወደድኩትም» ብሎ እንደገና ይቀባል። ቀጥ ያለውን በር አውልቆ እንደገና ቀጥ ያደርገዋል። ሰውአገኝ ቀለሙን በጥብጦ ይጠብቃል፤ ቀለሙ ይደርቅበታል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አሉ» ይላል ሰውአገኝ፤ «ያንተ እንቁላል ግን ጫጩት ሆኖ፣ አውራ ዶሮ ሆኖ፣ ታርዶ የሚያልቅ ነው። ምነው አንዲት ቃል ብትተነፍስ?» አምሐ በሩን ይዳብሳል። «ሰውዬ፣ በር ስትዘጋባት ስትከፍትባት ትሄድብሃለች እኮ።» ጥምቀት አለፈ፣ ጾሙ ገባ፣ ፋሲካም ዋለ። የሚገርመው እስከዳር ትቆጣለች እንጂ መኪናዋን ወደ ሌላ ጋራዥ አልወሰደችም። አምሐ ይህን ልብ አላለም። ላሜራ ውስጥ የተደበቀ ስቱኮ የሚሰማ ጆሮ እንዲህ ያለውን ነገር አይሰማም፤ ተዉት።

ግንቦት ላይ ምክንያቱ ሁሉ አለቀበት። በሩ ገብቷል፣ ኮፈኑ ገብቷል፣ ሁሉም ተቀብቷል። የቀረው የቀኝ ፓራፋንጎ ብቻ ነው። አምሐ በረጅሙ ተነፈሰ፤ ፓራፋንጎውን አቅፎ አመጣና ተንበረከከ። ያኔ ነው ያየው። ከታች፣ በበሩ በኩል ያለችው ቀዳዳ ባዶ ናት።

መጀመሪያ አላመነም። ጣቱን ከተተባት። ባዶ ናት። ሌሎቹ ቡሎኖች ሁሉ በየቦታቸው እያሉ ያቺ ብቻ የለችም። ከመኪናዋ ሥር ገባ፤ ከጎማው ኋላ፣ ከወንበሩ ሥር ፈለገ። ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ ያወጣውን ማግኔት በገመድ አስሮ ግቢውን ሁሉ እየጎተተ ዞረ። ማግኔቱ ሚስማር ለቀመ፣ የሽቦ ቁራጭ ለቀመ፣ የሰውአገኝን የጠፋ መላጫ ለቀመ፤ ቡሎኑ ግን የለም። ማምሻውን አምሐ በርጩማ ላይ ተቀመጠና እጆቹን አያቸው።

«ዓይኔ ደክሞ ይሆን?» አለ።

ሰውአገኝ ሊቀልድ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ፊቱን ሲያይ መልሶ ዘጋው። «ከመለዋወጫው ጣሳ አንድ የአስራ ሦስት ቁጥር ቡሎን ፈልግና እሰር። ማን ያውቅብሃል?»

«እኔ አውቃለሁ» አለ አምሐ።

በማግሥቱ እስከዳር መጣች። «ዛሬስ ደግሞ ምን ሆነች?» አለች። አምሐ በዚህ ዕድሜው፣ ክፍል ፊት እንደቆመ ተማሪ፣ «አንድ ቡሎን ጠፋብኝ» አለ። እስከዳር ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች። ነጠላዋን ሰበሰበች። መልሳ ስትዞር ቆጣ ብላ ነበር።

«እንግዲህ ያለ ሽማግሌ መፍትሔ የምናገኝ አይመስለኝም» አለች። «ሰው ከሰው ጋር ካልተግባባ ሽማግሌ ይገባል። አገሩ እንዲህ ነው። ነገ ዛሬ ሳይባል ሽማግሌ ይግባበት።» ብላ ወጥታ ሄደች።

ሰውአገኝ የቀለም ቆርቆሮውን አስቀመጠ።

«ሰማህ? በመኪናዋ ጉዳይ ሽማግሌ ልትልክብህ ነው። እሷ ሳትቀድምህ አንተ ላክ። ለመኪናው ሳይሆን ለሌላው።»

አምሐ መፍቻ መጥረግ ጀመረ። ሰውአገኝ ተስፋ ቆርጦ ወደ ሥራው ሲመለስ፣ ከኋላው «ማንን?» የሚል ድምፅ ሰማ። በዚህ ጉዳይ ከወራት ዝምታ በኋላ የወጣች ቃል ናት፤ ሰውአገኝ ለጥቂት ነው ቀለሙን ያልደፋው።

የተመረጡት አያ አወቀና የኔታ ወልደኢየሱስ ናቸው። የኔታ አምሐን በልጅነቱ ዜማ ያስቆጠሩት መምህር ናቸው። ሦስተኛው ሰውአገኝ ራሱ ሆነ፤ ሽማግሌ ነኝ ብሎ ባርኔጣ ደፍቶ። እንፍራንዝ ወንድሟ ዘንድ ይኬድ ወይስ ወደ ራሷ የሚል ክርክር ተነሣ። አያ አወቀ ናቸው የቆረጡት፤ «መኪናዋን ራሷ የምትነዳ ሴት መልሱንም ራሷ ትስጠን። ወንድሟ ኋላ ይነገረዋል።»

እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ሦስቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ፀዳ ሄዱ። አምሐ ጋራዡን ዘግቶ ቮልሷ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። መሪውን በሁለት እጁ ይዞ፣ የትም ሳይሄድ። ያለችውን እያሰበ ፈራ፤ የምትለውን እያሰበ ደግሞ ይበልጥ ፈራ። እምቢ ብትል እንዴት አድርጎ መኪናዋን እንደሚያስረክባት አያውቅም። እንግዲህ ሰው በዚህ ዕድሜው እንዲህ ይሆናል? ይሆናል። በዚህ ዕድሜማ ይብሳል።

ሰውአገኝ ከሌሎቹ ቀድሞ እየሮጠ ገባ፤ ባርኔጣው በእጁ ነው። «እሺ አለች» አለ። «ገና ከደጅ ቆመን ሳንቀመጥ፣ እሺ ብያለሁ ግቡ አለችን። መረቅን፤ አሜን አለች። ምን ትቀመጣለህ፣ ውረድ እንጂ።» አምሐ ከመኪናው ወረደ። አለቀሰ ብዬ አልዋሽም፤ ግን ፊቱን ለመታጠብ ወደ ቧንቧው ሄዶ ብዙ ቆየ።

ከዚያ መዶሻውን ሳይሆን መፍቻውን አነሣ። እሑድ ነው ቢሉትም አልሰማም። ከጣሳው ሌላ የአስራ ሦስት ቡሎን አወጣ። አዲስ ነው፤ ከአሮጌዎቹ መካከል ያብለጨልጫል። ቅር እያለው አሰረው። ለወራት ያልገባው ፓራፋንጎ በአንድ ከሰዓት ገባ። ሰውአገኝ «እግዜር ይይልህ፤ ለካ እጅህ እንዲህ ነበር» አለው።

ሰኞ ጠዋት የኔታ ብቻቸውን መጡ። መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ፤ ተቀመጡ ሲባሉም አልተቀመጡም።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ሆዴን ሲበላኝ አደረ። ትናንት ‹አመጣጣችን› ብዬ ስጀምር፣ ሳልጨርስ ‹አውቄዋለሁ የኔታ፣ እሺ ብያለሁ› አለችኝ። እኛም ደስ ብሎን ገባን። ስንወጣ ግን ‹መኪናዬን ነገ መጥቼ ልውሰዳት?› አለች። ሳስበው፣ እኛ ስምህን አላነሣንም፣ የመጣንበትንም አልተናገርን። ስለ መኪናዋ ሽማግሌ ይግባ ብላ ነበር የሚባለው እውነት ነው?»

«ብላለች።»

«እንግዲያ ስለ መዘግየትህ ይቅርታ ልንለምን የመጣን መስሏት ቢሆንስ? ያልቀረበ ጥያቄ ተመለሰ አይባልም፣ ልጄ።» የኔታ ይህን ተናግረው፣ አዝነው፣ ራሱን ዳብሰውት ሄዱ።

አምሐ ከቮልሷ ጎን ቆሞ ቀረ። ሰውአገኝ ወዲያው ደረሰበት። «ስማ፣ የኔታ ሲያጠብቁ ይታወቃሉ። ምርቃት ወርዷል፣ አሜን ተብሏል፣ ሦስት ሰው ሰምቷል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አንተ ዝም በል ብቻ፤ ዝምታውን ታውቅበታለህ። እሷም አገር ከሰማ በኋላ አልልም አትልም።»

«ለዚሁ ነው ዝም የማልለው» አለ አምሐ። «ባልጠየቅኋት ነገር አላስራትም። ቡሎን እንኳ ያለ ቀዳዳው በግድ ከታሰረ ጥርሱ ይበላል።»

«ትሄድብሃለች።»

«ትሂድ» አለ። ይህን ሲል ድምፁ ታፈነ፤ ጆሮ ያለው ሰው ከላዩ የተለጠፈውን ይሰማ ነበር።

ረፋዱ ላይ እስከዳር መጣች። ቮልሷ ታጥባ፣ ሰማያዊ ቀለሟ አብርቶ፣ አፍንጫዋን ወደ መውጫው አዙራ ቆማለች። እስከዳር ዞረቻት። በሩን ከፈተች ዘጋች፤ አንዴ ተመትቶ ገባ። በቀኙ ፓራፋንጎ ላይ እጇን አሳረፈች። ሰውአገኝ ከማዶ ሆኖ የሌለ ቀለም ይበጠብጣል።

አምሐ ቁልፉን በእጁ ይዞ ቀረበ። ዛሬ መሬት አላየም።

«እትዬ፣ መኪናዎ አልቃለች። ይዘው ከመሄድዎ በፊት ግን የምነግርዎት አለኝ። ትናንት የመጡት ሽማግሌዎች ስለ መኪና አልመጡም። የላክኋቸው እኔ ነኝ። ስለ እርስዎ ነው። እነሱ ሳይናገሩ እሺ አሏቸው። ያ እሺ ለመኪናው ከሆነ፣ እኔ አልይዝብዎትም፤ ለማንም አይነገርም። ልጅዎም ትጠብቅዎታለች። ቁልፉ ይኸው።»

እስከዳር ቁልፉን አልተቀበለችም።

«አያ አምሐ» አለች፤ «የኔታን የሚያህል ሰው ነጠላውን አጣፍቶ፣ አያ አወቀ በዚያ ጉልበታቸው ዳገት ወጥተው፣ ለአንድ ፓራፋንጎ ይመጣሉ ብዬ የማምን ሞኝ እመስልሃለሁ? ሳይናገሩ እሺ ያልኩት አያ አወቀ ቆመው እግራቸው ሲንቀጠቀጥ አይቼ ነው። ደግሞም ሽማግሌ ይግባ ብዬ የነገርኩህ እኔ አይደለሁ? ከዚያ በላይ ምን ልበል ኖሯል፣ ሴት ሆኜ ሽማግሌ ልላክብህ?»

አምሐ ቁልፉን እንደዘረጋ ነው። «መኪናዬን ልውሰዳት ብለዋቸው...»

«ለዛሬ መምጫ ምክንያት አጥቼ ነዋ።»

ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ አነሣች። ሴቶች ሳንቲም የሚቋጥሩበት ጫፍ ላይ ጠበቅ ያለች ቋጠሮ ነበረች። በጥርሷ ላላ አድርጋ ፈታቻትና ያለውን በአምሐ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው። ቡሎን ነው። አሮጌ፣ ዘይት የነካው፣ የአስራ ሦስት ቡሎን።

«እሱ ከጎደለ አላስረክብም ስትል ሰምቼሃለሁ» አለች፤ አሁን መሬት የምታየው እሷ ናት። «በሩ ሲገጠም አየሁ፣ ኮፈኑ ሲገጠም አየሁ። ማለቁ ነው ብዬ ፈራሁ። በጣት የታሰረ ነው፤ አንተ ውኃ ልትጠጣ ስትሄድ ፈታሁት። ጠፋብኝ ብለህ ስትጨነቅ ልመልሰው ነበር። መመለሱ ደግሞ መሄዴ ነው። ይቅር በለኝ።»

አምሐ ቡሎኑን አየው፤ አገላበጠው። መጀመሪያ ከአፉ የወጣው ቃል ይህ ሆነ፦ «እኔኮ ዓይኔ የደከመ መስሎኝ።»

«ዓይንህስ ደክሟል» አለች እስከዳር። «ከጥቅምት ጀምሮ ፊትህ ተቀምጬ አላየኸኝም።»

ማዶ የሰውአገኝ መበጥበጫ ቆመ።

«አትሂጂ» አለ አምሐ።

«እሺ ብያለሁ እኮ። ለሽማግሌ ብያለሁ፣ ላንተ አልኩ። ስንቴ ልበል?» ደግሞ ያቺን ሳቋን ሳቀች። «ልጄን ግን ባሕር ዳር ድረስ ሄደን እንነግራታለን። አንተ ትነዳለህ?»

«መንዳት አልችልም» አለ አምሐ። እውነቱን ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የፈታውን መኪና አንዱንም ከግቢ አውጥቶት አያውቅም።

«እኔ እነዳለሁ» አለች።

አምሐ መፍቻውን አምጥቶ ከቀኙ ፓራፋንጎ ሥር ተንበረከከ። ያን የሚያብለጨልጨውን እንግዳ ቡሎን ፈትቶ ለሰውአገኝ ወረወረለት፤ «ጣሳው ውስጥ ጣለው» አለው። ከዚያ የእስከዳርን ቡሎን በቱታው ጠርጎ ወደ ቀዳዳው አስጠጋው። መፍቻ አላስፈለገውም፤ እስከ መጨረሻው በጣት ብቻ ዞሮ ገባ።